እብነበረድና ሎሚ

ባለፈው ሳምንት ሬድስቶን ያለው ቤታችን ፊት፣ ጋራዡ በር ላይ፣ ሲሚንቶው ተሰንጥቆ አገኘሁት። ትንፋሽ የሚቆርጥ ብርድ ከርሞ ነበር፤ ከዚያ ቺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ተራራውን ተሻግሮ መጣና የመንገዱን በረዶ ሁሉ ውሃ አደረገው። ሰዉ በሸሚዝ ዋለ። ሲመሽ ተመልሶ ቀዘቀዘ። ውሃ ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ሲቀዘቅዝ ያብጣል፣ ሲያብጥ ይገፋል፤ ይህን የነገሩኝ ደሴ ጂኦግራፊ ያስተምሩ የነበሩና እዚህ ካልጋሪ ታክሲ የሚነዱ ጋሼ ሰይድ ናቸው። ቁጢጥ ብዬ ጣቴን ስንጥቁ ውስጥ አስገብቼ ቆየሁ። ጎረቤቴ ቁልፍ የጠፋኝ መስሎት ሊያፋልገኝ መጣ። ምን እንደጠፋኝ ልነግረው አልቻልኩም።

ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ሽበት ሳታወጪ ትዝታ ትጽፊያለሽ ይሉኛል። እውነታቸውን ነው። ግን ይቺ ከተማ ሰውን ቶሎ ታስረጃለች፤ ትናንት ሜዳ የነበረው ዛሬ ትራፊክ የሚጨናነቅበት ሰፈር ነው፣ ትናንት የተዋወቅሽው ሰው ዛሬ ቤቱን ሸጦ ሌላ ግዛት ገብቷል። እዚህ አሥር ዓመት አንድ ዘመን ነው። እኔም አንድ ዘመን አልፎብኛል።

በዚያ ዘመን ሜይላንድ ሃይትስ፣ እትዬ ዘነበች ቤት፣ ቤዝመንት ተከራይቼ እኖር ነበር። በመስኮቴ የሚታየኝ የሣር ሥርና የሰው ጫማ ብቻ ነው። ሰውን በጫማው መለየት የተማርኩት እዚያ ነው። የጋሼ ሰይድ ጫማ የቀኙ ተረከዝ ያለቀ ነው፤ ሲነዱ የሚውሉበት እግር። ከታች ዲርፉት ትሬል በሚሉት አውራ ጎዳና ላይ የሚያልፈው መኪና ሲመሽ የሩቅ ወንዝ ይመስል ነበር። ጠዋት ዶናት ቤት እሠራለሁ፣ ከሰዓት ኤርፖርት ዊልቸር እገፋለሁ፣ በመሃል ደግሞ አንዱን ትቼ ሌላ እይዛለሁ፤ አንድ ቦታ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም ነበር። ግጥም የምጽፈው በዶናት ከረጢት ላይ ነው፤ የዚያን ጊዜ ስንኞቼ ሁሉ የዘይት ነጠብጣብ አለባቸው። ቡና ከዶላር ብዙም አያልፍም። አምስት ዶላር የስልክ ካርድ ገዝተን ጀርባውን በሳንቲም ፍቀን እንደውላለን፤ ከእናቴ ጋር ሰላምታ ሳንጨርስ የማላውቃት ሴት መሃል ገብታ አንድ ደቂቃ ቀረሽ ትለኛለች። ካርዱን የምንገዛበት የባቡር ጣቢያው ጥግ ያለ ሱቅ ዛሬ የኤሌክትሪክ ሲጋራ መሸጫ ሆኗል። ጃኬቴ ከሰው የተረፈ፣ ወይን ጠጅ፣ እጅጌው ጣቴን የሚውጥ ነበር። እንደሱ የሞቀኝ ጃኬት እስካሁን አልገዛሁም።

የእትዬ ዘነበች ባል ጋሼ ታደሰ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነጂ ነበሩ። በረዶ የጣለ ቀን ከሁሉ ቀድመው ይነሱና የራሳቸውን በር ጠርገው ሲጨርሱ የጎረቤቱን ይቀጥላሉ። እኔ ከታች በመስኮቴ ቦት ጫማቸውንና አካፋቸውን አይ ነበር። ምስኪን፣ በስተርጅና፣ በሰው አገር፣ አካፋ ይዘው እያልኩ አዝናለሁ። በአንድ የመጋቢት ጠዋት ልባቸው ቆመ። ልጅ አልነበራቸውም። እትዬ ዘነበች ሐዘን ላይ ሲያለቅሱ ያየ የለም። እንግዳ ሲያስተናግዱ፣ ሰሃን ሲያጥቡ፣ ወንበር ሲያስተካክሉ ሰነበቱ። አርባው ሲወጣ ነጭ እብነበረድ አዘዙና ወደ እኔ ወረዱ።

«ባለቅኔዋ» አሉኝ፤ ሲያሾፉብኝ የሚጠሩኝ እንዲህ ነው። «እስቲ ሁለት መስመር ስጪኝ። ከስሙ ሥር የሚገባ።»

እኔ ያን ጊዜ የታተመ ግጥም አልነበረኝም። ደብዳቤ እንኳ መልሶልኝ የሚያውቅ ጋዜጣ የለም። ሌሊቱን ሙሉ ደክሜ ይህን ሰጠኋቸው፦

መንገድ ሳያልቅበት ጉዞው አለቀበት፣
በረዶ አገር ላይ ፀሐይ ጠለቀበት።

አነበቡት፤ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አጠፉትና ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት። ድንጋይ ጠራቢው ፊደላችንን ስለማያውቅ በትልቁ ጽፌ ሰጠሁት፤ እሱም እንደ ሥዕል ቀዳው። ድንጋዩ ሲቆም ፊደሎቹን አንድ በአንድ በጣቴ ዳሰስኳቸው። ወረቀት ይቀደዳል፣ ድንጋይ ግን ዘላለም ነው ብዬ አሰብኩ። የድንጋይን ነገር ገና አላውቅም ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ጋሼ ሰይድ ታክሲያቸውን ይዘው ይመጣሉ። የጋሼ ታደሰ የልጅነት ጓደኛ ናቸው፤ አንድ መንደር አድገው፣ አንዱ መስጊድ አንዱ ቤተ ክርስቲያን እየሄዱ፣ እዚህም ተከታትለው የመጡ። በካልጋሪ ካሴት የምታጫውት የመጨረሻዋ ታክሲ የእሳቸው ሳትሆን አትቀርም። አንድ የወሎ ዜማ ካሴት ነበራቸው፤ ክሩ ከመሳሳቱ የተነሣ ዘፋኙ ሁልጊዜ እንቅልፍ እንደያዘው ሰው እየጎተተ ነው የሚዘፍነው። እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ፣ እትዬ ዘነበች ከፊት፣ እግራቸው መሃል ባልዲ። ባልዲው ውስጥ ምን እንዳለ ለማወቅ መክፈት አያስፈልግም፤ መኪናው በሙሉ ሎሚ ሎሚ ይሸታል።

እትዬ ዘነበች ሎሚና ጨው የማይፈታው ነገር አለ ብለው አያምኑም ነበር። ዶሮው በሎሚና በጨው፣ ድስቱ በሎሚና በጨው፣ የጉሮሮ ሕመምም እንደዚያው። መቃብሩ ጋ ሲደርሱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ያስራሉ፣ የተገመሰውን ሎሚ ጨው ያስነኩታል፣ ከዚያ ድንጋዩን ከላይ እስከ ታች ያሹታል። በፊደሎቹ ውስጥ በጥርስ ብሩሽ ይገባሉ። በመጨረሻ በውሃ ያጥባሉ። ጋሼ ሰይድ ትንሽ ራቅ ብለው መዳፋቸውን ዘርግተው ዱዓ ያደርጋሉ። እትዬ ዘነበች ሲጨርሱ ቀና ብለው ድንጋዩን እንደ ታጠበ ሕፃን ያዩታል፣ «በቃ፣ እንሂድ» ይላሉ። በክረምት በረዶውን በእጃቸው ጠርገው ያው ሥራ ነው። ከጎናቸው ያሉት የፈረንጅ መቃብሮች አቧራ ለብሰው፣ የወፍ ኩስ ደርቆባቸው ሲታዩ በኩራት ከንፈራቸውን ይመጥጡ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት ይሆናል፣ መጀመሪያ የፊደሎቹ ጥቁር ቀለም ለቀቀ። ቀጥሎ ጠርዛቸው ሟሟ። «ጠለቀበት» የሚለው ቃል ላይ ጣቴን ሳሳልፍ ነጭ ዱቄት፣ እንደ ስኳር ያለ፣ ተከተለኝ። የጋሼ ታደሰ ስም ራሱ ፀሐይ በጎን ካልመታችው አይነበብም ጀመር።

«የዚህ አገር አየር ነው» አሉ እትዬ ዘነበች መጀመሪያ። «ጠዋት ብርድ፣ ከሰዓት ሙቀት። ሰውስ መቼ ቻለው።» ቆይተው ግን ዙሪያቸውን አዩ። የጎረቤቶቹ ድንጋይ፣ ማንም የማይነካው፣ ፊደሉ ቁልጭ እንዳለ ነው። «አታለለኝ» አሉ። «ሰውዬው አታለለኝ። ፊደሉን አያውቅም፣ ማን ያነበዋል ብሎ የማይረባ ድንጋይ ሰጠኝ።»

አንድ ቅዳሜ ከዚያው ከመቃብር ቀጥታ ኦኮቶክስ ሄድን፤ እትዬ ዘነበች የወለደች ዘመዳቸውን ሊጠይቁ። እሳቸውን በር ላይ አድርሰን ጋሼ ሰይድ «ነይ፣ አንድ ድንጋይ ላሳይሽ» አሉኝ። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ሜዳ መሃል ብቻውን የተቀመጠ፣ ፎቅ ቤት የሚያህል፣ መሃሉ የተሰነጠቀ አለት ነው። የከተማዋ ስምም በአገሬው ሰዎች ቋንቋ ድንጋይ ማለት ነው ይላሉ። ግግር በረዶ ነው ከተራራው ተሸክሞ አምጥቶ እዚህ ጥሎት የሄደው። ጋሼ ሰይድ መኪናውን ፓርክ አድርገው ሲወርዱ ታክሲ ነጂው ቀረና መምህሩ ወጣ።

«አለት በሁለት መንገድ ይፈርሳል» አሉኝ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው። «አንደኛው በጉልበት ነው። ውሃ ይገባል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይገፋዋል፤ ይሄ እንደተሰነጠቀው። የተሰነጠቀው ግን ያው ድንጋይ ነው፤ ትንንሽ ድንጋይ ሆነ እንጂ። ሁለተኛው ዓይነት ድንጋዩን ራሱን ይለውጠዋል። ዝናብ ውስጥ ትንሽ ኮምጣጣ ነገር አለ። ኖራ ድንጋይና እብነበረድ ያን አይችሉም፤ ይሟሟሉ። ፍርፋሪውን እንኳ አታገኚውም።» አለቱን እንደ በሬ ሽንጥ መታ መታ አደረጉት። «ይሄን ግን ሎሚ አይነካውም።»

«ሎሚ ማን አነሣ፣ ጋሼ?»

እጃቸውን ከድንጋዩ ላይ አነሡ። ወደ መኪናው አዩ፣ ወደ ሜዳው አዩ።

«ደሴ ሳስተምር» አሉ ቀስ ብለው፣ «ተማሪዎቼን ሎሚ አስይዤ ከከተማ አወጣቸው ነበር። ድንጋዩ ላይ ጠብ አድርጉበት፣ አረፋ ካወጣ የኖራ ዘር ነው እላቸዋለሁ። እሷም በመጀመሪያዋ ቅዳሜ ስታሸው አየሁ። አረፋውን አየሁት።»

«ታዲያ እንዴት ዝም አሉ?»

«ምን ልበላት? ባልሽን አትጠቢው?»

«ስማቸው እየጠፋ እኮ ነው።»

«እሷ ባትነካውም ዝናቡ ይበላዋል። እሷ አፈጠነችው።»

«በእኛ ዕድሜ ግን አይበላውም ነበር።»

«በእኛ ዕድሜ አይበላውም» አሉ። «እሱን አልክድሽም።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረው፣ «አንቺ ሰው ሞቶብሽ አያውቅም። ዘነበች ቁጭ ብላ ማዘን አትችልበትም። እጇ ሥራ ከፈታ ምን እንደምትሆን አላውቅም፤ ያን ነው የፈራሁት» አሉኝ።

ተናድጄ ነበር። ስለ ጋሼ ታደሰ ስም ይመስለኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ግማሹ ስለ ግጥሜ ነው።

እትዬ ዘነበችን ስንወስድ ገና መኪናው ውስጥ ሳይደላደሉ ወደ እኔ ዞሩ። «ማክሰኞ ድንጋይ ጠራቢው ጋ ቀጠሮ ይዣለሁ። ሺፍትሽን ቀይሪ፣ ታስተረጉሚልኛለሽ። አንድ ቃል እንዳትቀንሺ።»

«እትዬ፣ ምናልባት የሰውዬው ጥፋት ባይሆንስ?»

«የማን ሊሆን ነው? ስሚኝ፣ እኔ ስሞት እዚያው አጠገቡ ነኝ። ልጅ የለንም። ስሙ ከጠፋ እዚህ ማን ተቀብሯል ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። እንደ ቀልድ አትዪው።»

ጋሼ ሰይድን በመስታወቱ አየኋቸው። እሳቸው መንገዱን አዩ። ያ ዘፋኝ እየጎተተ ሲዘፍን ካልጋሪ ደረስን። እሑድና ሰኞ ማታ ደረጃውን እስከ ግማሽ ወጥቼ ተመለስኩ። እንዴት ተብሎ እንደሚጀመር አላገኘሁትም። ቃል ሞልቶኛል እል የነበርኩት ሰው።

የድንጋይ ጠራቢው ቤት ከኢንዱስትሪው ሰፈር፣ ከጎማ ቤት ቀጥሎ ነበር። ግቢው ውስጥ ስም ያልተጻፈባቸው ድንጋዮች ተደርድረዋል፤ ግራጫ፣ ጥቁር፣ ቀይ። እትዬ ዘነበች ለክስ እንደሚቀርብ ሰው ለብሰዋል፤ ጥቁር ካፖርት፣ በላዩ ነጠላ፣ የቤተ ክርስቲያን ጫማ። ጋሼ ሰይድ መኪና ውስጥ እጠብቃለሁ ብለው ነበር፤ ትንሽ ቆይተው ገቡና በሩ አጠገብ ቆሙ። ሰውዬው ጣቱ ወፍራም፣ ቅንድቡ ላይ አቧራ የተኛበት፣ በዕድሜ የገፋ ነው።

«በዪው» አሉ እትዬ ዘነበች። «አምኜህ ነበር በዪው። ባሌን በአንተ እጅ ነው የጻፍኩት በዪው። ሦስት ዓመት ሳይሞላው እንደ ስኳር ሟሟ፤ እንዲህ ዓይነት ድንጋይ ለእናትህ ትተክላለህ ወይ በዪው።»

እናቱን ትቼ ሌላውን ነገርኩት። ሰውዬው አልተቆጣም። ስልኬ ላይ ያለውን ፎቶ ወደ መብራቱ አስጠግቶ አየ፣ አተለቀው፣ መልሶ አየው። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀኝ።

«ምን አለ?» አሉ እትዬ ዘነበች።

ያን ጊዜ በሁለቱ መሃል ያለው ድልድይ እኔ ብቻ ነበርኩ። በውሃ ነው የሚያጥቡት ብዬ ብነግረው፣ አንድ ውሸት ብቻ፣ ሰውዬው ይቅርታ ብሎ በነፃ ሊቀይርላቸው ይችል ነበር፤ ፊቱ የዚያ ዓይነት ፊት ነው። አዲሱም ድንጋይ በሦስት ዓመት ይሟሟል።

«በምን እንደሚያጥቡት ይጠይቃል፣ እትዬ።»

ፊታቸው በራ። በዚያች ቀን የተጠየቁት መልካም ጥያቄ እሱ ነበር። «በሎሚና በጨው ነዋ። አንድ ቅዳሜ አጓድዬ አላውቅም በዪው። ብርድ አላስቀረኝም በዪው።»

ተረጎምኩት። ሰውዬው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና ዓይኑን ጨፈነ። ከዚያ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ እሳቸው እያየ፣ በዝግታ፣ ጥቂት ቃላት ተናገረ። አፌን ስከፍት ከኋላዬ የጋሼ ሰይድ ድምፅ መጣ።

«ዘነበች፣ ሎሚው ነው።»

«ምኑ?»

«ድንጋዩን የበላው። ሎሚው ነው።»

እትዬ ዘነበች ወደ ጋሼ ሰይድ ዞሩ።

«አንተ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ከመቼ?»

«ከመጀመሪያው።»

«አስተማሪ ነበርኩ ትላለህ ደግሞ» አሉ። ድምፃቸውን አላነሡም። ጓንታቸውን አወለቁና መዳፋቸውን አዩት፤ መሃሉ በሎሚና በጨው ተሰነጣጥቆ ነበር። ጋሼ ሰይድ አንገታቸውን ደፉ። እኔ በዘመዶቹ ጠብ መሃል እንደተሸማቀቀ ልጅ የግድግዳውን ሰዓት አይ ነበር።

ሰውዬው ወንበር ሳበላቸው። አልተቀመጡም። ጥቁር ግራናይት አሳያቸው፤ ይሄን ዝናብም ሎሚም አይነካውም፣ ማጠብ እንኳ አይፈልግም አለ። ተረጎምኩላቸው። ጥቁሩን ድንጋይ በጣታቸው ጫፍ ነኩት፤ እንደ መስታወት ፊታቸውን መለሰላቸው።

«ምንም አይፈልግም?»

«ምንም።»

«እንግዲያው እኔንም አይፈልገኝም» አሉና እጃቸውን አነሡ። «ያንኑ የታደሰን ይላገው። የተበላውን ፊቱን ያንሣለትና ስሙን አጥልቆ ይጻፈው። ስሙን ብቻ።»

«ግጥሙስ?» አልኩ። አመለጠኝ።

አዩኝ። ከገባን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ከከንፈራቸው ጥግ ፈገግታ የመሰለ ነገር አየሁ። «ባለቅኔዋ፣ አትቀየሚኝ። ታደሰ እኮ በረዶ ይወድ ነበር። እንደ ሕፃን ልጅ ነበር የሚያደርገው፤ ሲጥል አይተኛም። ያንቺ ግጥም ሌላ ሰው ነው የቀበረው።»

ብዙ ዓመት ግጥም ጽፌያለሁ፤ ሰውም አመስግኖኛል፣ ነቅፎኛልም። ያን ያህል ትክክል የሆነ ሒስ ግን ሁለተኛ አልደረሰኝም። ዛሬ ስለ ሰው ከመጻፌ በፊት ስለ ሰውዬው እጠይቃለሁ። በመስኮት የሚታየኝ ጫማው ብቻ መሆኑን አስታውሳለሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ እትዬ ዘነበች ከኋላ፣ ከእኔ አጠገብ ተቀመጡ። ለጋሼ ሰይድ ግማሽ ወር አልደወሉላቸውም። እሳቸው ግን ቅዳሜ በደረሰ ቁጥር መጥተው በር ላይ ቆመው፣ ሞተር ሳያጠፉ ጠብቀው፣ ይሄዱ ነበር። በመስኮቴ የመኪናውን ጎማ አይ ነበር።

ድንጋዩ የተመለሰው ሣሩ ሲለመልም ነው። ቅዳሜ ዕለት እትዬ ዘነበች ራሳቸው ወጥተው ከፊት ወንበር ገቡ። «ንዳ» አሉ፣ ሌላ ነገር አላሉም። የያዙት አንድ ጀሪካን ውሃ ብቻ ነበር።

ስሙ ጠልቆ ተጽፏል፤ ጣት ቢገባበት እስከ ጥፍር ይውጣል። ውሃውን ከላይ አፈሰሱት፣ በፊደሎቹ ውስጥ ወርዶ ሣሩ ላይ ጠፋ። እጃቸው በልማድ ሊያሽ ተዘረጋ፣ መልሰው ሰበሰቡት። በዚህ ሥራው አለቀ። ካፖርታቸውን ቆለፉ፣ ከፈቱት። ባዶውን ጀሪካን ከአንድ እጃቸው ወደ ሌላው አዛወሩት። «በቃ፣ እንሂድ» የሚሉ መስሎን ጠበቅን።

በነዚያ ሁሉ ቅዳሜዎች እዚያ ቦታ ተቀምጠው አይቻቸው አላውቅም። ያን ቀን ጀሪካኑን አኖሩና እርጥቡ ሣር ላይ፣ የቤተ ክርስቲያን ጫማቸውን ዘርግተው፣ ከድንጋዩ ትይዩ ተቀመጡ።

«ታዴ» አሉ። «ደክሞኛል እኮ።»

ጋሼ ሰይድ እጅጌዬን ያዝ አደረጉኝና ወደ መኪናው ሄድን። ድምፃቸው አይደርሰንም፤ ግን ይታዩናል። ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ፣ ብዙ ቆዩ። ከዚያ ማውራት ጀመሩ። እጃቸው ሲነሣ፣ ሲወርድ፣ አንድ ቦታ ላይ ሰው እንደሚከሱ ጣታቸውን ሲቀስሩ፣ ቀጥሎ ደግሞ ሲስቁ አየናቸው። ፀሐዩ ወደ ተራራው ዞረ። የከሰዓት ሥራዬ ሰዓት አለፈ።

«ልጥራቸው?» አልኩ።

«ተያት» አሉ ጋሼ ሰይድ። «ገና መጀመሯ ነው።»